መኮንን የሚባሉ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው? የሰዎቹንና የቦታዎቹን ዝርዝር አብረን እናጥራ

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የልጄ ትምህርት ቤት "የቤተሰብ ስማችሁን ታሪክ ሠርታችሁ ኑ" ብሎ የቤት ሥራ ሰጥቷል። በዚያ ስም የሚጠሩ ታዋቂ ሰዎችና ቦታዎች ተፈልገው፣ ፎቶ ተለጥፎባቸው፣ በትልቅ ካርቶን ላይ ለክፍሉ ይቀርባሉ። የልጄ መዝገብ ላይ ያለው የመጨረሻ ስም መኮንን ነው። መኮንን የባለቤቴ አባት ናቸው።

ልጁ ማታ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ዝርዝር አወጣ። ራስ መኮንን፣ ተፈሪ መኮንን፣ እንዳልካቸው መኮንን፣ ደመቀ መኮንን፣ ሯጩ አበበ መኮንን። ከዚያ ሁሉንም በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ደረደራቸው። ከታች የአያቱን፣ የአባቱንና የራሱን ስም ጨመረ። "እማ፣ የንጉሥ ዘመድ ነን ማለት ነው?" አለኝ። ዓይኑ በራ።

አማቼ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ነበሩ። በጣም የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ከቤተ መንግሥት ጋር ግን የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ደስታውን ልቀማው አልፈልግም። ክፍል ፊት ቆሞ ያልሆነ ነገር እንዲያወራም አልፈልግም። የምታውቁ ካላችሁ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ ንገሩኝ። በስሙ የተጠሩ ቦታዎችም ካሉ ጻፉልኝ።

የሰባ ደረጃ ልጅ፦
እህቴ፣ ቦታዎቹን ለእኔ ተይልኝ። እዚያው ነው ያደግኩት።

አንደኛው ራስ መኮንን ድልድይ ነው። ከፒያሳ ወረድ ሲባል ይገኛል። ታክሲ ረዳት "ራስ መኮንን!" ሲል ሰውየውን የሚያስብ ተሳፋሪ የለም፤ ድልድዩንና ሰፈሩን ነው። ፒያሳ በ2016 በጣም ተለውጧል፣ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ የሰፈሩ ስም ግን ከሰው አፍ አልወጣም።

ሁለተኛው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው ራስ መኮንን አዳራሽ ነው። ግቢው ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት በ1954 ነው። ልጅሽ ፎቶ ከፈለገ ይሄኛው ያምራል።

ሦስተኛው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። የተከፈተው በ1917 ነው፤ ያኔ ጃንሆይ ገና አልጋ ወራሽ ናቸው። ከጣሊያን መባረር በኋላ የካናዳ ኢየሱሳውያን መምህራን መጥተው አስተዳድረውታል። በደርግ ጊዜ ስሙ ተቀይሮ እንጦጦ ተባለ። የጥንቶቹን ተማሪዎች ግን "የት ተማራችሁ?" ብትያቸው እስከ ዛሬ "ተፈሪ መኮንን" ነው የሚሉሽ።

አስተውይ እንግዲህ። ድልድዩና አዳራሹ በአባትየው ስም ነው የሚጠሩት። ትምህርት ቤቱ በልጁ ስም ነው። ልጁ ካርቶኑ ላይ ለየብቻ ያስቀምጣቸው።

ሐረርጌ፦
የሐረር ሰው ስለሆንኩ ዋናውን ሰው እኔ ልያዘው።

ራስ መኮንን በአባታቸው ቢጠሩ "መኮንን ወልደ ሚካኤል" ናቸው። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል። እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። ከምኒልክ ጋር የሚዛመዱት በእናታቸው በኩል ነው። ልጅሽ ይህን ልብ ይበል፦ ትልቁ ዝምድና በአባት ስም ውስጥ ጭራሽ አይታይም።

ሐረርን ከ1879 ጀምሮ ገዙ። በውጫሌ ውል ጊዜ መልእክተኛ ሆነው ጣሊያን ሄደዋል። በ1888 ኅዳር አምባ አላጌ ላይ፣ ከዚያ መቀሌ፣ ከዚያ ዐድዋ ተዋግተዋል። በ1894 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ ሰባተኛ ንግሥ ለንደን የሄዱትም እሳቸው ናቸው። ከዐድዋ ሲመለሱ ቁልቢ ላይ የገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ታኅሣሥ 19 ከየአገሩ ሰው የሚጎርፍበት ቁልቢ እሱ ነው። በ1898 መጋቢት ታመው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ እዚያው ቁልቢ አረፉ። የተቀበሩት ሐረር ነው።

ሁለት ልጆቻቸው በታሪክ ይታወቃሉ። ታላቁ ደጃዝማች ይልማ መኮንን ነው። ከአባቱ በኋላ ሐረርን ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1900 ሞተ። ታናሹ ተፈሪ መኮንን ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ኤጀርሳ ጎሮ ተወለደ፤ እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤት አሊ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱበት። አባቱ ሲሞቱ 13 ዓመቱ ነበር። በ1923 ሲነግሥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባለ።

እዚህ ጋ ነው የቤተሰብ ስም ሐሳብ የሚፈርሰው። የንጉሡ ልጆች "መኮንን" አልተባሉም። አስፋ ወሰን ኃይለ ሥላሴ፣ ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነው የተባሉት። "መኮንን" የሚለው የአባት ስም በይልማና በተፈሪ ላይ ቆመ። ጃንሆይ ግን አንዱን ወንድ ልጃቸውን በአባታቸው ስም መኮንን አሉት። መስፍነ ሐረር ልዑል መኮንን ማለት ነው፤ በ1949 ግንቦት በመኪና አደጋ የሞተው። የእሱ ልጆች ደግሞ እንደገና "መኮንን" የሚል የአባት ስም ይዘው መጡ። ስሙ አንድ ትውልድ ዘሎ ተመለሰ።

ሐረር ከመጣችሁ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጀጎል ውስጥ የራስ መኮንንን ቤት እዩ። ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውም አለ፤ አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ያለበት ነው። የድሮ ሳንቲምና የእጅ ጽሑፍ ለሚወድ ሰው ግማሽ ቀን አይበቃውም።

ቡና በጀበና፦
እንዳልካቸው መኮንንስ? እኔ ሁሌ የጃንሆይ ወንድም ይመስለኝ ነበር። የአንድ አባት ስም፣ ያውም ጠቅላይ ሚኒስትር።

ጋሽ መምህር፦
አይደለም ልጄ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራልና በደንብ ላስረዳ። አርባ ዓመት ያህል ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ የፈተና ወረቀት ላይ ከተሳቱት ስሞች ሁሉ የባሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አባትየው ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ይባላሉ። ከጣሊያን መባረር በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እስከ 1950 ድረስ ቆይተዋል። ደራሲም ነበሩ። ልጃቸው ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ነው። ኦክስፎርድ የተማረ ዲፕሎማት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊነት ተወዳድሯል። በ1966 የካቲት አብዮቱ ሲፈነዳ አክሊሉ ሀብተወልድ ለቀቁና እሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በሐምሌ ደርግ አወረደው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ከስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ጋር ተረሸነ።

እንግዲህ ተመልከቱ። አያት እንዳልካቸው፣ ልጅ መኮንን፣ የልጅ ልጅ እንዳልካቸው። ሐረርጌ እንዳለው ያው የጃንሆይ ቤት ልማድ ነው፤ የአያት ስም ለልጅ ልጅ ይሰጣል። በአገራችን አንድን ቤተሰብ ከስም ማወቅ ከፈለጋችሁ የመጨረሻውን ስም ብቻ አትዩ። ሁለቱ ስሞች እየተፈራረቁ መምጣታቸውን እዩ። ይህ ልማድ ከማንኛውም ወረቀት ይልቅ የቤተሰብን ክር ይይዛል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። የሁለቱ መኮንኖች ቤት በስም አይዛመድም፣ በጋብቻ ግን ተገናኝቷል። የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ባለቤት ልዕልት የሻሸወርቅ ይልማ ናቸው። የማን ልጅ ናቸው? የደጃዝማች ይልማ መኮንን። ማለትም የራስ መኮንን የልጅ ልጅ። መዛመዱን የምታሳየው ሴቷ ናት፤ የእሷ ስም ላይ ግን "መኮንን" የለም።

የድሬ ልጅ፦
በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አካባቢ ራስ መኮንን ሲነሳ ቁልቢ ብቻ አይደለም የሚታወሰው፤ ጨለንቆም አለ። በ1879 የሐረር አሚር ዐብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር የተሸነፈበት ቦታ ነው። ራስ መኮንን ሐረርን የያዙት ከዚያ በኋላ ነው። ለብዙ ኦሮሞና ሐረሪ ቤተሰብ ያ ዘመን የሐዘን ታሪክ ነው። ሐረር የነበረው በፈረስ ላይ የተቀመጡበት ሐውልታቸው በ2012 ሰኔ፣ ድምፃዊው ሃጫሉ ከተገደለ በኋላ በነበረው ቁጣ ነው የወደቀው።

ልጁን በዚህ ሁሉ አታስጨንቁት። ሐውልቱን "አሁንም ቆሟል" ብሎ እንዳያቀርብ ግን ንገሩት።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የድሬ ልጅ አመሰግናለሁ፣ ይህንን እነግረዋለሁ። እዚህ ክፍሉ ውስጥ የኦሮሞ ልጆችም አሉ፤ አብረው ነው የሚጫወቱት።

ጋሽ መምህር፣ የእርስዎን ለባለቤቴ አነበብኩለት። "እኛም እኮ እንዲሁ ነን" አለኝ። የእሱ አያት ስም በታላቅ ወንድሙ ልጅ ላይ አለ። አስቤው አላውቅም ነበር።

የሕግ ሰው፦
የቤተሰብ ስም የለንም ስንል ሕጉ ምን እንደሚል ብዙ ሰው አያውቅም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ መጠሪያ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ያዛል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ አሠራሩ ከአውሮፓ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል።

ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ቀበሌ ስንሄድ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው የምንባለው። ሦስት ትውልድ ተደርድሮ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ትውልድ የመጨረሻው ይወድቅና ከፊት አዲስ ይገባል። ሴት ልጅም ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። ሕጉ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ልማዱ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል፤ የአባት ስም የአባት ነው፣ ለሌላ ነገር አይበደርም።

ችግሩ ውጭ አገር ሲወጣ ነው። የሌላ አገር ፎርም "የመጨረሻ ስም" ይላል። አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የአያቱን። አንድ እናት የወለደቻቸው ወንድማማቾች የተለያየ "ቤተሰብ" ሆነው ይመዘገባሉ። አጻጻፉም አለ፤ መኮንን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በኤ፣ አንዱ በኢ፣ አንዱ በአንድ ኤን ይጽፈዋል። የልጅሽ ኮምፒውተር ላይ ግማሹ መኮንን ያልወጣው ለዚህ ሊሆን ይችላል። በሁሉም አጻጻፍ ይፈልግ።

ማንቸስተር፦
አጻጻፍ ከተነሳ አንድ ሰው አስታወሳችሁኝ። ከዝርዝሩ ውስጥ ባይኖር ቅር ይለኛል።

ቲ. ራስ መኮንን ይባላል። ኢትዮጵያዊ አይደለም። ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ጉያና፣ ባክስተን የምትባል መንደር ውስጥ ነው የተወለደው። የልደት ስሙ ጆርጅ ቶማስ ግሪፊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ስሙን ለወጠ። ራስ መኮንን ተባለ። አስቡት፤ የዐድዋውን ጀግና ስም ነው የመረጠው።

ወደ እንግሊዝ መጥቶ ለጥቁር ሕዝቦች ነፃነት ከሚታገሉት ከጆርጅ ፓድሞር፣ ከሲ.ኤል.አር. ጄምስና ከጆሞ ኬንያታ ጋር አብሮ ሠራ። እዚህ ማንቸስተር ምግብ ቤቶች ከፈተ። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው እንደልቡ ገብቶ የሚበላበት ቤት ብዙ አልነበረም። ከምግብ ቤቶቹ የሚገኘው ገንዘብ ለትግሉ ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1945 አምስተኛው የፓን አፍሪካ ጉባኤ እዚሁ ከተማ ሲካሄድ ከዋነኞቹ አዘጋጆች አንዱ እሱ ነው። ንክሩማም፣ ኬንያታም፣ ዱቦይስም ነበሩበት።

ጋና ነፃ ስትወጣ ወደዚያ ሄደ። ንክሩማ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲገለበጡ ታሰረ። ኬንያታ አስፈቱትና ኬንያ ገባ፤ ናይሮቢ ነው ያረፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1983። ይህ ሰው ከሁሉም መኮንኖች በላይ ልቤን ይነካኛል። ሌሎቹ ስሙን ከአባታቸው አገኙት። እሱ አገራችን ስትወረር መርጦ ወሰደው።

ልጅሽ አሜሪካ ነውና ሌላም ላስታውስ። ጃማይካ ውስጥ የራስታፋሪ እምነት ስሙን ያገኘው ከራስ ተፈሪ ነው። ከሙሉ ስሙ ከራስ ተፈሪ መኮንን። ካሪቢያን ውስጥ ልጁን መኮንን ብሎ የሚሰይም ካገኛችሁ አትገረሙ።

ከነታንያ፦
እኛ እስራኤል ውስጥ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። ስንገባ ሁላችንም ሼም ሚሽፓኻ፣ ማለትም የቤተሰብ ስም፣ እንዲኖረን ተደረገ። ወይ የአባታችን ወይ የአያታችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዘገበና እዚያው ቀረ። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም ያንኑ ስም ይይዛሉ። መኮንን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ቤቶች እዚህ አሉ፤ እርስ በርስ ግን አይዛመዱም።

ሴቶቹም የባል ስም ይይዛሉ። ሯጩን ማሩ ተፈሪን ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ቡዳፔስት ላይ በማራቶን ብር ያገኘው። ባለቤቱም ሯጭ ናት፣ ሰላማዊት ተፈሪ ተብላ ነው የምትሮጠው። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሆን ሰው "ወንድምና እህት ናቸው" ይል ነበር።

ቡና በጀበና፦
ደመቀ መኮንንስ? ዝርዝሩ ላይ አለ።

ጋሽ መምህር፦
ከ2005 እስከ 2016 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ናቸው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ነበሩ። ከሁለቱም የመኮንን ቤቶች ጋር የሚያገናኛቸው ስሙ ብቻ ነው። ልጁ ለብቻቸው ያስቀምጣቸው።

ወሎዬ፦
እኔ ግን በዚህ "አይዛመዱም" በሚለው በጣም አትቸኩሉ እላለሁ። የእኔም አያት መኮንን ናቸው። ቅድመ አያቴ ራስ መኮንንን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ዝናቸውን ሰምተው፣ ልጃቸው ሲወለድ "መኮንን ይሁንልኝ" አሉ። ቤታችን ውስጥ እስከ ዛሬ ይወራል። ደም አይደለም፤ ግን ምንም አይደለም ማለትም አይቻልም። የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፣ አማችሽን ማን ስም እንዳወጣላቸው ጠይቂ። በሕይወት ያለ ታላቅ ሰው ካለ ዛሬውኑ ደውዪ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የባለቤቴ አክስት ባሕር ዳር አሉ። ቅዳሜ እደውላለሁ። ስለ አበበ መኮንን የሚያውቅስ አለ? ልጁ ከሁሉም በላይ እሱን ነው የወደደው፣ ራሱም ይሮጣል።

ሩጫ ወዳድ፦
ይሄን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነበር!

አበበ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1989 የቦስተን ማራቶንን አሸነፈ፤ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ። ቦስተንን ያሸነፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ቶኪዮንም ሁለት ጊዜ አሸንፏል፣ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1993። ዘመኑ የእኛ አትሌቶች ኦሎምፒክ ያመለጣቸው ዘመን ነው፤ ኢትዮጵያ ሎስ አንጀለስም ሴኡልም አልሄደችም። በአቋሙ ጫፍ ላይ ሆኖ ያ መድረክ ስለተዘጋበት ስሙ የሚገባውን ያህል አይነሳም። ፎቶውን ካርቶኑ መሀል ላይ ይለጥፈው፤ ልጁ ያለው አሜሪካ ነው፣ ቦስተን ደግሞ ሩቅ አይደለችም።

ስለ አትሌቶች ካነሳን የውጭ ጋዜጠኞች በዚህ የአባት ስም ሁሌ ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ ገንዘቤ ዲባባ 1500 ሜትር፣ ማሬ ዲባባ ማራቶን አሸነፉ። ስንቱ እህትማማቾች አደረጋቸው! አይደሉም። የገንዘቤ እህቶች ጥሩነሽና እጅጋየሁ ናቸው። ደራርቱ ቱሉ ደግሞ የእነሱ የሥጋ ዘመድ ናት፣ ስሟ ግን አይገናኝም። ጥሩነሽ ስለሺ ስህንን አግብታም ዲባባ እንደሆነች ነው የቀረችው። በቀለ የሚለው ስምም እንደዚሁ ነው፤ ቀነኒሳና ታሪኩ ወንድማማቾች ናቸው፣ ማራቶኒስቷ በዙነሽ በቀለና ለቱርክ የሮጠችው አለሚቱ በቀለ ግን ከእነሱ ቤት አይደሉም።

ልጁ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ከተሰጠው በቀለን ይሥራ። ለእሱ እኔ ብቻዬን ገጽ እሞላለሁ።

የሰባ ደረጃ ልጅ፦
በቀለ ከተሠራማ በቀለ ሞላ ሆቴልም ይግባ። ላንጋኖ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ግን በቀለ የራሳቸው የሰውየው ስም ነው፣ ሞላ ደግሞ የአባታቸው።

ሩጫ ወዳድ፦
ልክ ነህ። እንግዲያው ለእሱ አዲስ ርዕስ ልክፈትና እዚያ እንገናኝ።